ዘጠና አንደኛው ወንበር

የላይፕሲግ ሰው ሁሉ ዜማ ነው ጉዳዩ፤
ትራም ነጂው ሳይቀር ያፏጫል በቦዩ።
ዳቦ ሻጯ እንኳን ሳንቲሜን መልሳ፣
«ያ መለከት ነፊ ትናንት ዘገየሳ!»
ትለኛለች ቆጥታ፣
እኔ የነፋሁት ይመስል ያን ማታ።

እኔ ግን ከዜማው፣ ከዚያ ሁሉ ክብር
ድርሻዬ እግር ነው፦ ባለአራት እግር ወንበር።

ከምድር ቤት በጋሪ ዘጠናውን አውጥቼ፣
ወለሉ ላይ ያለውን የኖራ ነጥብ አይቼ፣
እንደ ግማሽ ጨረቃ አጥፌ ስደረድር፣
የማሞቂያው ቧንቧ ያጉረመርማል ከሥር።
ቼሎዋ ሮስቪታ ዝቅ ያለ ትሻለች፤ ጉልበቷን ያማታል።
ኦቦው ከትሮምቦን ፊት ከዋለ፣ ጆሮውን ይበሳዋል፤
ለሳምንት ሰላምታ ይነሣኛል።
ለባሱ፣ ለሽማግሌው ፎልራት፣
ከወንበሩ የኋላ እግር ሥር አለች አንዲት ጉማጅ እንጨት፤
ሠላሳ ዓመት ያዘነበለውን መድረክ ያቃናች እሷ ናት።
የረሳኋት ቀን፣ ሲምፎኒው ሁሉ ወደ ግራ ይፈሳል
ይላል፤ አልተከራከርኩት።

በእኛ አገር ለአንዲት ወንበር ስንት ሰው ደም ይቃባል፤
እኔ ዘጠናውን በጋሪ ስገፋ ማን ዞር ብሎ ያያል?
ተቀምጬባቸውም አላውቅ።

ባለፈው ክረምት አጎቴ ደወሉ፤
መሪጌታ ስሙር ናቸው። «ሥራሽ ምንድን ነው?» አሉ።
«ወንበር እዘረጋለሁ» አልኩኝ ሳልጠነቀቅ።
ስልኩ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሳል መጣ፣ ከሳሉ ኋላ ሳቅ፦
«ሴት ልጅ! ወንበር ዘረጋች! ያውም በጀርመን ምድር!
ስንት ተማሪ አለሽ፣ ከእግርሽ ሥር የሚማር?»
«ዘጠና» አልኳቸው።
ውሸት አልወጣኝም። ብቻ ወሬው በማግሥቱ
ከቅዳሴ በፊት ደብሩን አዳረሰ፤
ሰሙ እኔ ዘንድ ቀረ፤ ወርቁ ጎጃም ደረሰ።
እስካሁን አላረምኩም።

ኅዳር ላይ፣ በአንድ ሐሙስ፣ መብራቱ ደብዝዞ፣
መሪው ቀጭን በትሩን ወደ ላይ አንሥቶ ይዞ፣
ሺህ ስምንት መቶ ሰው ሳሉን ስሎ ጨርሶ፣
«ስንዱ!» አለ ዲርክ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጥርሱን ነክሶ።
አየኋት። የታመመ ሰው ተክታ የመጣች ቪዮላ፣
ድግስ ላይ ቦታ እንዳጣ እንግዳ ቆማ ከሁሉ ኋላ፣
መሣሪያዋን እንደ ተዋሰችው ዕቃ ታቅፋ።
ወረቀቱ ዘጠና ይላል። ሰዎቹ ዘጠና አንድ።
ስሜ ስንዱ ነው፤
ያልተሰናዳሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንዱን ብድግ አድርጌ ወጣሁ።
ጫማዬ ሲጢጥ ይላል፤ በዚያ ጸጥታ መሀል
የጎማው ሲጢጥታ ከመለከት ይጮኻል።
ዋሽንቱ፣ ከበሮው፣ ሁሉም ጉልበቱን ሰብስቦ ሲያሳልፈኝ፣
ፎልራት ብቻ በቅንድቡ «እንጨቷስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አስቀመጥኩት። ተቀመጠች።
ከሰገነቱ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ አንድ ጊዜ፤ ብቻውን።
ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ነጎደ፣
ጣራው የሚነሣ እስኪመስለን።
እጄን የት ላድርገው? ወንበር የለመደ እጅ ባዶውን ሲሆን ያፍራል።
እጅ ነሣሁ። ጀርባዬንም ላለመስጠት
የኋሊት ተራመድኩ፣ ከንጉሥ ፊት እንደሚወጣ ሰው፤
ዲርክ እስካሁን ይስቃል።

ምን እንደተጫወቱ አልሰማሁም፤
ጆሮዬ ውስጥ ሌላ ከበሮ ነበረ።
ሲያበቃ፣ ሰው ሲወጣ፣ ጋሪዬን ይዤ ገባሁ፤
ያችን የቪዮላዋን ወንበር መጨረሻ አነሣሁ፤
የመቀመጫው ቆዳ ገና ሙቀት ነበረው።
ከምድር ቤት ወስጄ፣ ከሌሎቹ ሳልደርበው፣ ለብቻው አቆምኩት።

ጠዋት ዳቦ ሻጯ ሳንቲሜን ቆጥራ፣ መልሳ፣
ዓይን ዓይኔን አየችና፦
«ወንበሩም» አለች፣ «ትናንት ዘገየሳ!»